«ጥሩ ማዳም ይስጥሽ» ከማለት በላይ



ከአገር ስንወጣ የተመረቅነውን ምርቃት ብንሰበስበው ብዙም አይለያይም። «ጥሩ ሰው ቤት ያግባሽ፣ ጥሩ ማዳም ይስጥሽ» ነው። ከልብ የወጣ ምርቃት ነው፤ እናቶቻችን ሌላ የሚሰጡን ስላልነበራቸው ያላቸውን ሰጡን። ግን እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። ልመናው ስለ እኛ አይደለም፣ ስለ ማዳም ነው። እሷ ጥሩ ከሆነች እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ደሞዛችን በጊዜው ይሰጠናል። ክፉ ከሆነች ደግሞ እግዜር ይሁንሽ ነው። መብትሽ፣ ዕረፍትሽ፣ ስምሽ ሁሉ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይህንኑ ምርቃት ከስድሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው ይመኙላት ነበር። ልብስ በትልቅ የብረት ድስት ቀቅለው፣ አጥበው፣ ገመድ ላይ እያሰጡ፣ እኔን እያየሽ ተማሪ፣ ነገ የአንቺም ሥራ ነው ይሏት ነበር። ትልቁ ምኞታቸው ልጅቷ አድጋ ሰው ቤት ስትገባ ጥሩ ነጮች እንዲገጥሟት ነበር። ይህን ራሷ ልጅቷ ካደገች በኋላ ደጋግማ ተናግራዋለች። ልጅቷ ኦፕራ ዊንፍሬይ ናት።

በዚህ እትም ስለ ኦፕራ መጻፍ የፈለግኩት ሀብታም ስለሆነች አይደለም። የሀብታም ታሪክማ ስልካችንን ሞልቶታል። «እሷ ከድህነት ተነስታ ቢሊየነር ሆናለች፣ አንቺስ ምን ጎደለሽ?» የሚል ቪዲዮ በየቀኑ ይላክልናል። እኔ ይሄን አነጋገር አልወደውም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የምትውል፣ ፓስፖርቷ በሰው መሳቢያ የተቆለፈባት እህት የጎደላት ጥረት አይደለም። በጥረት ቢሆን ኖሮማ ይሄኔ ስንቶቻችን የት በደረስን! የምጽፈው የቤት ሠራተኛ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ የልጅ ልጅ ስለሆነች ነው። ደግሞም የዕድሜ ልክ ሥራዋ ሰውን መጠየቅና ማዳመጥ ስለነበረ ነው። ሁለቱም ነገር እኛን ይመለከታል።

ብዙዎቻችሁ በዓይን ታውቋታላችሁ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፕሮግራሟ በኤምቢሲ 4 ቴሌቪዥን ከሥሩ የአረብኛ ጽሑፍ እየተጻፈበት በየአረብ አገሩ ይታይ ነበር። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማዳም እሷን ሳታይ አትውልም። እኔ ከኋላ ቆሜ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እንግሊዝኛውን አልሰማ፣ አረብኛውን አላነብ። ግን አንድ ነገር ይገባኝ ነበር፤ ይቺ ጥቁር ሴት ሰው ሲያወራ ፊት ፊቱን እያየች፣ ሳታቋርጥ ትሰማለች። ማዳም አንዳንድ ቀን እያየቻት እንባዋን ትጠርግ ነበር። እኔን ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ልጅ አለሽ ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ያቺ በስክሪኑ ላይ የምታያት ሴት እናቷ እንደ እኔው የሰው ቤት ስታጸዳ እንደኖረች የምታውቅ አይመስለኝም።

የአያት ልጅ

ኦፕራ ጃንዋሪ 29 ቀን 1954 ኮሲየስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ስሟ ከመጽሐፈ ሩት የተወሰደ ነው፤ ዖርፋ። ሰው መጥራት ሲያቅተው ፊደሉ ተገለባብጦ ኦፕራ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አማቷን ተከትላ ሰው አገር የገባችውና በሰው እርሻ ቃርሚያ የለቀመችው ሩት ናት። ዖርፋ ወደ አገሯ የተመለሰችው ናት። በዚህ ቤተሰብ ስደተኛዋ እናትየዋ ነበረች።

እናቷ ቨርኒታ ሊ ስትወልዳት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረች፣ ያላገባች ልጅ ናት። ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚልዋኪ ከተማ ሄዳ የቤት ሠራተኛ ሆነች። ብቻዋንም አልነበረችም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ተነስተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተሰደዋል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ የገቡት የሰው ቤት ነው። ሕፃኗ ከአያቷ ከሃቲ ሜ ሊ ጋር እርሻ ላይ ቀረች። አያት ከድንች ማዳበሪያ ጆንያ ቀሚስ እየሰፉ አለበሷት፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ማንበብ አስተማሯት፤ ቤተ ክርስቲያን ወስደው በጉባኤ ፊት ቃል በቃል ያጠናችውን እንድታሰማ አደረጓት። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን የተማረችው እዚያ ነው።

እህቶቼ፣ ይሄ ለእኛ አዲስ ታሪክ ነው? ከወሎ ይሁን ከጅማ፣ ከአርሲ ይሁን ከጎጃም፣ ስንቶቻችን ነን ልጃችንን ለእናታችን ሰጥተን የመጣን? በልደቷ ቀን በኢሞ ኬክ ሲቆረስ የምናይ? አያት አሳደገቻት ማለት ልጅቷ ተበላሸች ማለት አይደለም። ኦፕራ ለማንበብና ለመናገር መሠረቷ የአያቷ ቤት ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያለችውን እናታችንን ከምንልከው ብር እኩል ልናመሰግናት ይገባል። ልጃችንን እየቀረጸችልን ያለችው እሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ቨርኒታ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረችበትን ዘመን ሕግ ተመልከቱ። አሜሪካ በ1938 ዝቅተኛ የደሞዝ ወለልና የሥራ ሰዓት ገደብ ስታወጣ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጋ ነበር። የቤት ሠራተኛ ሕጉ ውስጥ የገባችው በ1974 ነው፤ ያውም ሴቶቹ ራሳቸው ተደራጅተው ከጮኹ በኋላ። 36 ዓመት! የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግም በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ያስወጣል፤ እስከ ዛሬም እንደወጣን ነን። «ጥሩ ነጮች ይግጠሙሽ» እና «ጥሩ ማዳም ይስጥሽ» አንድ ዓይነት ምርቃት የሆኑት ለዚህ ነው። ሕግ የሌለበት ቦታ ላይ ሰው የሚለምነው ዕድልን ነው።

ማንም ያልጠየቃት ልጅ

ኦፕራ 6 ዓመት ሲሆናት እናቷ ወደ ሚልዋኪ ወሰደቻት። እናት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። ልጅቷ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ በሚያውቋት ሰዎች፣ በዘመድና በቤተሰብ ወዳጅ፣ ተደፈረች። ለማንም አልተናገረችም። በ14 ዓመቷ አረገዘች፤ ያለጊዜው የተወለደው ሕፃን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። መደፈሯን ለሕዝብ የተናገረችው ራሷ ናት። መጀመሪያ የተናገረችውም በ1986 በገዛ ፕሮግራሟ ላይ፣ ስለዚሁ ጉዳይ እንግዶቿን እየጠየቀች ሳለ ነው። ኋላም በ1991 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ሕፃናት ጥበቃ መሰከረች። በ1993 ሕጉ ወጣ፤ ሰዉም «የኦፕራ ሕግ» አለው።

ይሄን ቦታ ስጽፍ እጄ ይከብደዋል። ምክንያቱም ከመካከላችን አንዳንዷ «እናቷ እዚያ ብትኖር ይሄ ባልደረሰ» ብላ ራሷን ልትወቅስ ትችላለች። በፍጹም! ጥፋቱ የአጥፊው ነው። ዳቦ ፍለጋ የሄደች እናት ወንጀለኛ አይደለችም። ግን ከታሪኩ የምንወስደው ነገር አለ። ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም፤ «አጎቴ»፣ «ጋሼ» ተብሎ የሚጠራ፣ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሰው ነው። ልጅ ደግሞ ካልተጠየቀች አትናገርም። ስንደውል ምን እንላለን? «ብሩ ደረሰ? በላሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» በቃ። «ደህና» ትላለች። ካርዱም ያልቃል፣ ማዳምም ትጠራለች።

እስቲ እንዲህ ብለን እንሞክር፦ «ዛሬ ማን ማን ቤት መጣ? ከማን ጋር መሆን ደስ ይልሻል? ከማን ጋርስ ደስ አይልሽም?» ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቅ። መልሱ ቶሎ ላይመጣ ይችላል። አንድ ቀን ግን ይመጣል፤ የመጣ ቀን ደግሞ አንቆጣ፣ «ማን ሰማሽ?» አንበል። እመኚኝ፣ አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም የሚሉት ሦስት ነገሮች ከሺህ ዶላር ይበልጣሉ።

ከሬዲዮ እስከ ቺካጎ

አሁን ወደ ሥራዋ ልግባ። ኦፕራ ከእርግዝናዋ ወዲህ ናሽቪል ከተማ፣ አባቴ ወደምትለው ወደ ቨርነን ዊንፍሬይ ተላከች። ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ጥብቅ ሰው። በየሳምንቱ መጽሐፍ አንብባ ያነበበችውን ጽፋ እንድታሳያቸው ያዟት ነበር። በ1971፣ በ17 ዓመቷ፣ አንድ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ በደገፈው የቁንጅና ውድድር አሸነፈች። ሽልማቷን ልትቀበል ደብሊው ቪ ኦ ኤል ወደሚባለው ጣቢያ ስትሄድ «እስቲ አንብቢ» ብለው ድምጿን ቀዱት። ወደዱት። ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከትምህርት በኋላ ዜና ማንበብ ጀመረች። በ19 ዓመቷ በዚያው ከተማ ቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ሆነች፤ በጣቢያው ታሪክ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰችና የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አቅራቢ ነበረች።

በ1976፣ በ22 ዓመቷ፣ ባልቲሞር የሚባል ትልቅ ከተማ ጠራት። እዚያ ነው ነገር የተበላሸው። ጣቢያው በመጀመሪያ ስሟን አልወደደውም፤ ሱዚ እንበልሽ አሏት። ኧረ እኛ ይሄን እናውቀዋለን! ስንቶቻችን ነን ደጁን እንደረገጥን «ስምሽ ይከብዳል» ተብለን ሌላ ስም የተሰጠን? ከእኛ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ሳይቀር! ኦፕራ እምቢ አለች፣ ስሟን ይዛ ቆየች። ፀጉሯንም አልወደዱትም። ሳሎን ልከው ኬሚካል አስቀቧት፤ ፀጉሯ ረገፈ። የቀረው ነገር ደግሞ አነጋገሯ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሰው የሞተበት ሰው ፊት ማይክ ደቅና መጠየቅ ያቅታት ነበር። አብራ ታለቅስ ነበር። ለዜና አይሆንም አሏት፤ ስምንት ወር ገደማ እንደሠራች ከዋናው ዜና አነሷት።

በ1978 «እንግዲህ ምን እናርጋት» በሚል ዓይነት የጠዋት የውይይት ፕሮግራም ላይ ከአንድ ወንድ ባልደረባ ጋር አስቀመጧት። እዚያ ግን ቦታዋን አገኘች። ለዜና ጥፋት የተባለው ነገር፣ ማለትም የሰው ስሜት ቶሎ የሚነካት መሆኑ፣ ለውይይት ዋናው ሀብቷ ሆነ። ልብ በሉ፤ ጠባይዋን አልቀየረችም፣ ቦታው ነው የተቀየረው። አንዳንዷ እህታችን «ቀርፋፋ ነሽ»፣ «አትረቢም» ተብላ ከአንድ ቤት ስትወጣ የምታምነው ነገር አለ። አሥር ክፍል ለብቻዋ አልጸዳላት ስላለ የማትረባ አይደለችም።

ጃንዋሪ 1984 ወደ ቺካጎ ሄደች። የተሰጣት የጠዋት ፕሮግራም በተመልካች ብዛት የመጨረሻው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ከከተማው አንደኛ ሆነ። በ1985 በራሷ ስም ተጠራ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1986 በመላው አሜሪካ መታየት ጀመረ፣ እስከ ሜይ 25 ቀን 2011 ድረስም ለ25 ዓመት ቆየ። 4,561 ጊዜ ቀርቧል። በ1996 የመጽሐፍ ክበብ ከፈተች፤ ከምሳ ዕቃ ጋር መጽሐፍ የማይገዙ ሴቶች መጽሐፍ መግዛት ጀመሩ። በ2004 ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ፕሮግራሟ ላይ ቀርበው በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ስለሚታከሙ እህቶቻችን ተናገሩ፤ ኋላም ኦፕራ ራሷ አዲስ አበባ ሄዳ ሆስፒታሉን ጎበኘች። በወሊድ ምክንያት ተጎድተው፣ ሽታቸው ተጠልቶ፣ ከሰው ተገልለው የኖሩ የገጠር ሴቶቻችን ታሪክ እንዲህ ነው ለዓለም የደረሰው።

ኮንትራቱን አንብቢ

ከሥራ ታሪኳ ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ስለ ገንዘብና ስለ ኮንትራት ያለው ነው ባይ ነኝ። ባልቲሞር ሳለች አብሯት የሚያቀርበው ወንድ ከእሷ በጣም የበለጠ ይከፈለው ነበር። አለቃዋ ዘንድ ገብታ እኩል ክፈሉኝ ስትል፣ እሱ ቤትና ልጆች አሉት፣ አንቺ ምን ያደርግልሻል ተባለች። አመስግና ወጣች፤ ግን አልረሳችም። ቺካጎ ላይ ፕሮግራሙ ሲያድግና የእሷ ደሞዝ ሲጨምር አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ደሞዝ እዚያው ቀረ። ልጨምርላቸው ስትል አለቃዋ ሴት ልጆች ናቸው፣ ብር ምን ያደርግላቸዋል አላት። ካልጨመራችሁላቸው አልሠራም አለች። ጨመሩ።

ሁለተኛው ነገር ባለቤትነት ነው። በ1986 ሃርፖ የሚባል ኩባንያ አቋቋመች፤ ሃርፖ ኦፕራ ሲገለበጥ ነው። በ1988 የፕሮግራሙ ባለቤትነት ወደ እሷ ኩባንያ ገባ። ደሞዝተኛ ሆና ብትቀር ዝነኛ ትሆን ነበር፤ የዛሬዋ ኦፕራ ግን አትሆንም ነበር። ሀብቷን ያመጣው ድምጿ ብቻ አይደለም፣ ፊርማዋ ያረፈበት ወረቀት ነው።

እኛ የመክተብ ወረቀት ሲሰጠን «እዚህ ጋ ፈርሚ» እንባላለን፤ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ኮንትራት። እርግጥ ነው፣ ኦፕራ ጠበቃ ነበራት፣ እኛ የለንም። ግን ስልክ አለን። የኮንትራታችሁን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ለምታምኑት ሰው ላኩ፣ አንድ ቅጂ አገር ቤት ይቀመጥ። ደሞዝ የተቀበላችሁበትን ቀንና መጠን በትንሽ ደብተር ጻፉ። የሰው ቤት ሥራ ባለቤትነት የለውም ይባላል፤ የገዛ ወረቀታችን ባለቤት መሆን ግን እንችላለን። ደግሞ አንዷ ደሞዝ ሲጨመርላት አጠገቧ ያለችውንም ታስታውስ።

ማይክ ሲሳሳት

ኦፕራን ጻድቅ አድርጌ እንዳቀረብኳት እንዳይመስላችሁ። በ2004 ስቱዲዮ ለተገኙ 276 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አዲስ መኪና ሰጠች፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ሰዎቹ ቤታቸው ሲገቡ ግን የመኪናውን ግብር መክፈል ነበረባቸው። «ነጻ ቪዛ» ለተባልን ሰዎች ይሄ ይገባናል፤ ነጻ የተባለ ነገር ሒሳቡ ኋላ ይመጣል። በ2006 ደግሞ በመጽሐፍ ክበቧ ያወደሰችው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብዙ ቦታው የተፈጠረ መሆኑ ታወቀ። መጀመሪያ ተከላከለችለት፤ ቀጥሎ ራሷ ተሳስቻለሁ አለች፣ ሰውየውንም በዚያው መድረክ ላይ ጠየቀችው። በሐኪሞች ያልተረጋገጠ የጤና ምክር ለሚሰጡ እንግዶች መድረክ ሰጥታለች ተብላም ተወቅሳለች።

ይሄን የማነሳው ዛሬ ሁሉም ሰው ማይክ ስለያዘ ነው። በቲክቶክ ላይቭ ከፍተው «እህታችንን እንርዳ» የሚሉ አሉ፤ ከልባቸው የሚረዱም አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ገና ከቤት አምልጣ የመጣች ልጅ፣ ፊቷ እንዳበጠ፣ ስሟንና የአባቷን ስም እያስጠሩ በሺህ ሰው ፊት የሚያስለቅሱም አሉ። ቪዲዮው ሰፈሯ ይደርሳል፣ ልጆቿ ጋ ይደርሳል፣ ከፊሏም ጋ ይደርሳል። ስጦታው ለባለ ማይኩ ይቀራል፤ ሐፍረቱ ለእሷ። ሰውን ማዳመጥና ሰውን መቸርቸር አንድ አይደለም።

ስለዚህ በማኅበራችን ሦስት ነገር ደንብ ቢሆን እላለሁ። አንደኛ፣ እህት ሳትፈቅድ ድምጿም ፊቷም አይቀዳ፤ ፈቅዳም ቢሆን በልታ፣ ተኝታ፣ ከተረጋጋች በኋላ በድጋሚ ትጠየቅ። ሁለተኛ፣ ስሟ፣ ሰፈሯና የምትሠራበት ቤት ሳይነገር ታሪኩ ይነገር። ሦስተኛ፣ የተቀዳው የእሷ ነው፤ አጥፉት ካለች ይጥፋ።

«ምን ነካሽ?» እና «ምን ደረሰብሽ?»

ኦፕራ በ2021 ከአንድ የአእምሮ ሐኪም ጋር ባወጣችው መጽሐፍ ላይ የምታነሳው ዋና ሐሳብ ቀላል ነው። የተጎዳን ሰው «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ብለን ከመውቀስ «ምን ደረሰብህ?» ብለን እንጠይቅ የሚል ነው። በአማርኛችን ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነው። «ምን ነካሽ?» ወቀሳ ነው። «ምን ደረሰብሽ?» ጥያቄ ነው። መኝታ ቤታችን ውስጥ ሌሊት የምትጮህ፣ ከሰው ጋር የማትግባባ፣ ብሯን የምታባክን እህት ስትኖር ቶሎ የሚቀናን የመጀመሪያው ነው። «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?» እንላለን። ሁለተኛውን ለመጠየቅ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይፈልጋል። እሑድ አንድ ቀን ብቻ ላላት ሴት ጊዜ ውድ ነው፤ አውቃለሁ።

የመጨረሻ ፕሮግራሟን ስታቀርብ ከሁሉ በላይ የተማርኩት ብላ ያነሳችው፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያናገረችው ሰው በሙሉ፣ ባለ ሥልጣንም ይሁን እስረኛ፣ የሚፈልገው አንድ ነገር መሆኑን ነው፤ መታየትና መሰማት። በ2018 ደግሞ በአንድ ትልቅ የሽልማት መድረክ ላይ ቆማ፣ በ1964 በልጅነቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ እናቷ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ድካም ሰባብሯት ስትገባ እንደምታስታውስ ተናገረች። እንደ እናቷ የሚበሉ ልጆችና የሚከፈል ዕዳ ስላለባቸው ብለው በደልን ዝም ብለው የቻሉ፣ ስማቸው የማይታወቅ ሴቶችን አመሰገነች፤ ከእነሱም መካከል የቤት ሠራተኞችን ጠራች። ቨርኒታ በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈች። ያ ሁሉ ዝና ሲነገር የእሷ ሥራ በአንድ መስመር ያልፋል። እኔ ግን ታሪኩን ከእሷ ጎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ፍጹም እናት አልነበረችም፤ ላሳድጋት አልችልም ብላ ለማደጎ የሰጠቻት ሌላ ልጅ እንዳለችም ኦፕራ ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ደክሟት ነበር፤ ማንም «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ የጠየቃት አይመስለኝም።

እህቶቼ፣ ልጆቻችን ኦፕራ አይሆኑ ይሆናል። መሆንም የለባቸውም። ነርስም፣ ገበሬም፣ ነጋዴም ሆነው ሰላም ይኑሩ። ምርቃቱ ግን መለወጥ አለበት። ልጄ በተራዋ ሻንጣ ስታነሳ «ጥሩ ማዳም ይስጥሽ» ማለት አልፈልግም። «ሕግ ይጠብቅሽ፣ ስትናገሪ የሚሰማሽ አያሳጣሽ፣ ወረቀትሽ በእጅሽ ይሁን» ብዬ መመረቅ እፈልጋለሁ። እሱ ምርቃት እንዲደርስ ዛሬ እኛ መጠያየቅ፣ መሰማማት፣ ወረቀታችንን መያዝ፣ ከሕግ ውጭ መሆናችንን ባገኘነው መድረክ መናገር አለብን።

እሑድ ስንገናኝ ኮንትራት ያላት ፎቶውን ይዛ ትምጣ፤ ማንበብ የሚችሉ እህቶች አብረው ተቀምጠው ያነቡላታል። ከዚያ በፊት ግን ቤት ስትደውሉ ልጃችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ስለ ብር ያልሆነ። ጠይቃችሁም ጠብቁ።

ሰላም ሁኑልኝ።